የሕዝብ ቤትና የሆድ ሕግ

መብልና መጠጥ ለሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ነው፤ ንጉሡም ይራባል፥ እረኛውም ይጠማል። ዳሩ ግን ሰውን ከሰው የሚያስተካክለው ይህ የጋራ ፍላጎት ወደ ገበታ በቀረበ ጊዜ ሰውን ከሰው የሚለይ አጥር ሆኖ ይገኛል። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፥ ለማን ምን እንደሚቀርብ፥ ማንስ በደጅ ቆሞ እንደሚቀር የሚታወቀው በገበታ ነው። ስለዚህ የአንድን ከተማ ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአደባባዩና ከሐውልቱ ይልቅ የምግብ ቤቱን በር ቢመለከት ብዙ ነገር ይማራል።

ይህን ነገር ለመመርመር ከሚያመቹት ምሳሌዎች አንዱ በሎንዶን ከተማ ተወልዶ ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋው «ጋስትሮፐብ» የሚባለው ቤት ነው። ይኸውም እንደ መጠጥ ቤት ቢራና ወይን የሚቀዳበት ሲሆን እንደ ታላላቅ ምግብ ቤቶች የተመረጠ ምግብ የሚቀርብበት ቤት ነው። በዚህ ቤት ምክንያት የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ በጥሩ ምግብና በጥሩ መጠጥ ደስ መሰኘት ራሱ የሚያስነቅፍ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው ደግሞ፥ ለሁሉ የተከፈተውን ቤት ለማሳመር ሲባል ዋጋውን ከፍ ማድረግ ቤቱን ማክበር ነው ወይስ ቤቱን ከቀድሞ ወዳጆቹ መቀማት ነው? የሚል ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስሙን መመርመር ይገባል፤ ስም ብዙ ጊዜ የነገሩን ምሥጢር ይዞ ይገኛልና። «ፐብ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «የሕዝብ ቤት» የሚለው አነጋገር ሲያጥር የተገኘ ነው። የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ ሳለ በሩ ለመንገደኛውም ለጎረቤቱም የተከፈተ ስለሆነ እንዲህ ተባለ። በኢትዮጵያ ጠጅ ቤት ወይም ጠላ ቤት የሚባለውን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ በዚያም ሰው የሚሄደው ለብርሌው ብቻ ሳይሆን ለጨዋታውና ለወዳጁም ጭምር ነውና። «ጋስትሮ» የሚለው ግን ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። «ጋስቴር» ማለት ሆድ፥ «ኖሞስ» ማለት ሕግ ሲሆን፥ ከሁለቱ የተገኘው «ጋስትሮኖሚ» የሚባለው የመልካም ምግብ ጥበብ ስም ቃል በቃል ሲተረጐም «የሆድ ሕግ» ማለት ይሆናል። እንግዲህ ጋስትሮፐብ ማለት የሆድ ሕግና የሕዝብ ቤት የተጋቡበት ስም ነው። ጋብቻው የሰመረ መሆኑን፥ ወይስ አንደኛው ሌላውን ከቤት ያስወጣው መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል።

የቀድሞው የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ለሁሉ የተከፈተ ነበረ ሲባል ሁሉን ያስተካከለ ነበረ ማለት አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢያንስ ሁለት ክፍሎች ይገኙ ነበር። አንደኛው ክፍል ሠራተኛው የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ የሚገባበት፥ ወለሉ ሳንቃ፥ መቀመጫው ደረቅ እንጨት የሆነው ነው። ሁለተኛው ምንጣፍ የተነጠፈበት፥ ወንበሩ የለሰለሰ፥ የሚቀዳው ቢራ ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው በጥቂት ፔኒ ከፍ የሚል ነበር። ስለዚህ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ግድግዳ ያን ጊዜም ነበረ፤ ነገር ግን ግድግዳው በቤቱ ውስጥ ነበረ። ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ይጠጡ ነበርና አንዱ የሌላውን ሳቅ ይሰማ ነበር።

ስለ ምግቡ ብዙ የሚነገር አልነበረም። ጨው የተነሰነሰበት ስስ የድንች ጥብስ፥ በኮምጣጤ የተቀመጠ እንቁላል፥ ቀዝቃዛ ሳንድዊች፥ አልፎ አልፎም በሥጋ የተሞላ ቂጣ ይቀርብ ነበር። ጆርጅ ኦርዌል የተባለው ደራሲ በ1946 በሎንዶን ጋዜጣ ላይ በሐሳቡ የሣለውን ፍጹም መጠጥ ቤት ገልጾ፥ በመጨረሻው እንዲህ ያለ ቤት በእውነት እንደሌለ ተናዟል። በዚያ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ ያመሰገነው ወጡንና ጥብሱን አይደለም። ሰው ተቀምጦ ለመነጋገር የሚያስችለውን ጸጥታና አስተናጋጆቹ ደንበኞቻቸውን በስማቸው የሚያውቁ መሆናቸውን ነው። በእርሱ ዘንድ ምግቡ የጨዋታው አገልጋይ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በ1989 የእንግሊዝ መንግሥት የታላላቅ ቢራ ጠማቂዎችን ኃይል ለመቀነስ ደንብ አወጣ። በዚህም ደንብ ከ2,000 የሚበልጡ መጠጥ ቤቶች የነበሯቸው ጠማቂዎች ከዚህ ቍጥር በላይ ከሆኑት ቤቶች ግማሾቹን እንዲሸጡ ወይም የእነርሱን ቢራ ብቻ ከመሸጥ ግዴታ ነጻ እንዲያወጡ ታዘዙ። ስለዚህ ብዙ ቤቶች ለገበያ ቀረቡ። በ1991 ማይክል ቤልበንና ዴቪድ አየር የተባሉ ሁለት ሰዎች በሎንዶን ክለርከንዌል በሚባለው ሰፈር፥ በፋሪንግደን መንገድ ላይ የሚገኘውን «ንስር» የተባለ አሮጌ መጠጥ ቤት ያዙ። ታላቅ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። ምድጃውን ከመጠጥ መቅጃው ጀርባ አደረጉት፤ የምግቡን ዝርዝር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፉት፤ የገበታ ልብስ አላነጠፉም፤ ወንበሮቹም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም ነበር። እንግዳው ራሱ ወደ መቅጃው ቀርቦ ያዝዛል፥ እዚያው ይከፍላል። ጋስትሮፐብ የሚባለው ስም የወጣው ለዚህ ቤት ነው ይባላል።

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ዛሬ የቅንጦት ምልክት የሆነው ይህ ቤት የተወለደው ከገንዘብ ማነስ ነው። መሥራቾቹ የፈለጉት ጥሩ ምግብን ከነጭ የገበታ ልብስ፥ ከማዕረግና ከብዙ እጅ መንሣት ለይተው በተራው ሰው ፊት ለማቅረብ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ወደ ሌላ መንገድ አዘነበለ። በ2010 በሎንዶን ፉላም ሰፈር የሚገኘው «ሀርውድ አርምስ» የተባለው መጠጥ ቤት የሚሽሊን መጽሐፍ ለታላላቅ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን ኮከብ አገኘ። በ2012 መጽሐፍም ከሎንዶን ውጭ በማርሎ ከተማ ያለው የቶም ኬሪጅ መጠጥ ቤት ሁለት ኮከብ በማግኘት ከመጠጥ ቤቶች ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ዓመት ሜሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ቃሉን መዘገበው። ኮከቡ ሲመጣ ዋጋውም ከፍ አለ፤ ገበታውም አስቀድሞ ላስመዘገበ ሰው የሚጠበቅ ሆነ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቤት ሲነቅፉ «ይህ ሆዳምነት ነው» ይላሉ። ነገር ግን ነቀፋው ከመፈረዱ በፊት ሆዳምነት ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ፈላስፋው አሪስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ፥ ልከኛነት የሚባለው ምግባር የሚገዛው ሰው ከእንስሳ ጋር የሚካፈለውን የሥጋ ደስታ መሆኑን ያስረዳል። ምግቡ ሲያልፍ የሚሰማው ደስታ እንዲቆይለት ብሎ ጉሮሮው እንደ ረጅም አንገት ወፍ ይሆንለት ዘንድ የተመኘ አንድ ሆዳም ሰው መኖሩንም ያወሳል። ጣዕምን ከጣዕም መለየት የወይን ቀማሾችና የምግብ አዘጋጆች ሥራ መሆኑን ይናገራል፤ ሆዳሙን ደስ የሚያሰኘው ግን ይህ መለየት አይደለም።

ከዚህ አስተሳሰብ ታላቅ ትምህርት ይገኛል። ምግብን አስተውሎ መቅመስና በምግብ መገዛት አንድ ነገር አይደሉም። ከርካሽ ምግብ ያለ ልክ የሚበላ ሰው ሆዳም ሊሆን ይችላል፤ ከጥሩ ምግብ በመጠን የሚበላ ሰው ግን ልከኛ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ብልህ ምግብ አብሳይ ሰው የሚንቀውን የበግ ጉልበትና የበሬ ጉንጭ በቀስታ እሳት አብስሎ ክቡር ምግብ ሲያደርገው፥ ለሰው ሲባል የታረደውን እንስሳ ማክበሩ ነው እንጂ ማባከኑ አይደለም። ስለዚህ መልካም ጣዕም በራሱ ኃጢአት ነው ማለት አይቻልም፤ እጅንና አእምሮን አስተባብሮ ጥሩ ነገር የሠራን ሰው ሥራ አጣጥሞ መቀበል የምስጋና ዓይነት ነውና።

ይሁን እንጂ ከሆዳምነት ያመለጠ ሰው ሁሉ ከፈተና አመለጠ ማለት አይደለም። ፍላጎቱ ከሆድ ወጥቶ ወደ ዓይንና ወደ አፍ ይዛወራል። ሰውየው ምግቡን የሚወደው ስለሚጥመው ሳይሆን፥ በዚያ ቤት መብላቱ ስለሚታወቅለት ይሆናል። ሳህኑ በቀረበ ጊዜ ከመቅመሱ በፊት በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ላልተጋበዙት ይልካል፤ ምግቡም እስኪቀዘቅዝ ድረስ የምስጋናቸውን መልስ ይጠብቃል። ይህ ሰው በመብል አልሰከረም፤ በራሱ ግን ሰክሯል። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ከኤጲቆሮስ ተቀብሎ እንዳስተላለፈው፥ ሰው ምን እንደሚበላ ከማሰቡ በፊት ከማን ጋር እንደሚበላ ሊያስብ ይገባዋል። ኤጲቆሮስ በሕዝብ ዘንድ የተድላ አስተማሪ ተብሎ ስሙ ቢነሣም፥ ራሱ በእንጀራና በውኃ የሚኖር፥ ጥቂት አይብ ሲያገኝ እንደ ታላቅ ግብዣ የሚቈጥር ሰው ነበረ። ከተድላ ሁሉ የበለጠውን ተድላ በወዳጅ መካከል ያገኘው ነበርና።

በመጠጡም በኩል የሚያታልል ነገር አለ። ከረጅም ብርጭቆ ቢራ የሚጠጣውን ሰው ጠጪ፥ ከቀጭን ብርጭቆ ወይን የሚጠጣውን ግን ጨዋ አድርጎ መቍጠር የተለመደ ነው። ሒሳቡ ግን ለማንም አያዳላም። አንድ ፓይንት የሚባለው የእንግሊዝ የቢራ መስፈሪያ 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቢራው በመቶ 4 አልኮል ቢኖረው በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 23 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። በትልቅ ብርጭቆ የሚቀዳው 250 ሚሊ ሊትር ወይን ግን፥ በመቶ 13 አልኮል ቢኖረው፥ ከ32 ሚሊ ሊትር በላይ ይይዛል። የእንግሊዝ የሕክምና አለቆች በ2016 ለአንድ ሰው በሳምንት ከ140 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል እንዳያልፍ መክረዋል፤ ይህም በእነርሱ አቈጣጠር 14 መስፈሪያ ነው። እንግዲህ ከጥሩ ምግብ ጋር አራት ትልልቅ ብርጭቆ ወይን የጠጣ ሰው፥ በጨዋነት ተቀምጦና በለሆሳስ እየተነጋገረ፥ በአንድ ማታ የሳምንቱን ድርሻ ሊጨርስ ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። የብርጭቆው ማማር የመጠጡን ኃይል አይቀንሰውም። ይልቁንም ስካር በመልካም ልብስ ሲመጣ ማንም አይገሥጸውምና አደጋው ይበዛል።

በዚህ ነገር ሕግ አውጪዎች ያደረጉት ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። ከ2010 ጀምሮ በእንግላንድና በዌልስ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ፥ ውኃ ለጠየቀ ደንበኛ የቧንቧ ውኃ ያለ ዋጋ እንዲሰጥ ተደንግጓል። እንዲሁም 125 ሚሊ ሊትር የሆነ ትንሽ የወይን ብርጭቆና ግማሽ ፓይንት ቢራ እንዲያቀርብ ታዟል። የዚህ ደንብ ጥቅም ማንንም ሳያስገድድ ለልከኛው ሰው ቦታ መጠበቁ ነው። ጥቂት ለመጠጣት የፈለገ ሰው ብዙ ግዛ አይባልም፤ ውኃ የጠየቀም አያፍርም።

የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ ይነገር። በአንድ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማታው ወደ አንድ መጠጥ ቤት የሚሄድ ሽማግሌ አለ እንበል። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹ ርቀዋል። በማዕዘኑ ተቀምጦ አንድ ብርጭቆ ቢራ ይዞ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ የሚገባው ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። ቤቱ ተሸጦ፥ ታድሶና ተቀብቶ በአዲስ ስም ተከፈተ። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ገብቶ በማዕዘኑ ተቀመጠ። መልካም ልብስ የለበሰች ወጣት አስተናጋጅ ቀርባ በትሕትና፥ «ጌታዬ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ገበታ ለአንድ ሰዓት ተይዟል። እራት ይበላሉን?» አለችው። ሽማግሌው የምግቡን ዝርዝር ተመለከተ፤ የአንዱ ሳህን ዋጋ ለእርሱ የብዙ ቀን ቀለብ ነው። «የለም ልጄ፥ ለማለፍ ያህል ነው የገባሁት» ብሎ ተነሣ፤ ከዚያም ቀን በኋላ አልተመለሰም።

በዚህ ነገር ማን በደለ? አስተናጋጂቱ ሥራዋን ሠራች፤ ቃሏም ትሕትና የተሞላበት ነበር። ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛውን ቤት እንደ ወደደ አደረገ። እራት ሊበሉ የመጡት እንግዶችም በሠሩበት ገንዘብ ይበላሉ። ሕግ አልተጣሰም፤ ማንም አልተሰደበም። ነገር ግን አንድ ሰው ከሰው መካከል ወጥቷል፤ የወጣውም በዱላ ሳይሆን በዋጋ ነው። በቀድሞው ቤት ውስጥ የነበረው ግድግዳ ፈርሷል ተብሎ ይነገራል፤ እውነት ነው፥ ዛሬ በቤቱ ውስጥ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ይቀመጣል። ዳሩ ግን ግድግዳው አልጠፋም፤ ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ደጅ ተዛወረ እንጂ። ከጠመኔው ጋር በጥቁር ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።

ባለቤቱ ደግሞ የሚመልሰው አያጣም። «ይህን ባላደርግ ቤቱ ይዘጋ ነበር» ይላል። ቃሉም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በታላቋ ብሪታንያ በ2000 ከ60,000 የሚበልጡ መጠጥ ቤቶች ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ከ50,000 በታች ሆነዋል። በታላላቅ መደብሮች የሚሸጠው ቢራ ርካሽ ሆነ፤ ቀረጡና የቤት ኪራዩ ከፍ አለ፤ ከሐምሌ 2007 ጀምሮም በእንግላንድ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ትንባሆ ማጤስ ስለ ተከለከለ ብዙ ጠጪዎች በቤታቸው ቀሩ። ከመጠጥ የጠፋውን ገቢ በምግብ ያልተካ ቤት በሩን ሊዘጋ የቀረበ ሆነ። የተዘጋ ቤት ደግሞ ለሀብታሙም ለድሃውም አይሆንም።

ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። ዋጋው ከፍ ማለቱ ሁልጊዜ በደል አይደለም፤ ጥሩ ሥጋና ትኩስ አትክልት ለማቅረብ፥ ለአብሳዩና ለአስተናጋጁ ተገቢ ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ ያስፈልጋል። በርካሽ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ቸር አይደለም፤ ርካሽነቱ ከሠራተኛው ላብ ተቀንሶ ሊሆን ይችላልና። በዚህ በኩል ውድ የሆነው ቤትም ይመረመራል። በሎንዶን ለአገልግሎት ተብሎ በሒሳቡ ላይ በመቶ 12.5 መጨመር የተለመደ ነው። እንግዳውም ገንዘቡ ለአገለገለው ሰው የሚደርስ እየመሰለው ይከፍል ነበር፤ ባለቤቱ ከዚያ ላይ እንዳይቀንስ ሕግ ግልጥ አድርጎ የከለከለው ግን ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ቸር የሆነ እንግዳ ስጦታው ወዴት እንደሚሄድ ሊጠይቅ ይገባዋል። ከምድጃው አጠገብ በእሳት የሚጠበሰው ሰው፥ በደመወዙ ያን ምግብ ከቤተ ሰቡ ጋር ሊበላ የማይችል ከሆነ፥ በገበታው ላይ የጐደለ ነገር አለ።

የመልሱ ሁለተኛው ግማሽ ግን ውሸት ነው። ቤቱን ለማዳን የምግቡን ዋጋ ማስወደድ አስፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌውን ከማዕዘኑ ማስነሣት ግን አላስፈለገም። አንድ ወንበርና አንድ ማዕዘን ከእራት ነጻ አድርጎ ማቆየት፥ በተራ ዋጋ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ቢራ መያዝ፥ የሰፈሩን ሰው በስሙ ማወቅ ምን ያህል ያከስራል? ኀፍረት ከወጪ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ በትርፍና በኪሳራ ሒሳብ ሊመካኝ አይችልም። ቤትን ያዳነ ሰው ቤቱ ቤት የተባለበትን ሰው ካጣ፥ ያዳነው ግድግዳውን ብቻ ነው።

ሌላ መንገድ እንደሚቻልም በሥራ ታይቷል። በ2011 በእንግላንድ የወጣው ሕግ የሰፈር ሰዎች ለኑሯቸው የሚጠቅማቸውን ቤት እንዲያስመዘግቡ፥ በሚሸጥበትም ጊዜ ገንዘብ አሰባስበው ለመግዛት ጊዜ እንዲያገኙ ፈቀደ። በ2012 በደቡብ ሎንዶን ነንሄድ በሚባለው ሰፈር ያለው «አይቪ ሃውስ» የተባለው መጠጥ ቤት ሊሸጥ በተቃረበ ጊዜ ነዋሪዎቹ በዚህ ሕግ አስመዘገቡት፤ በ2013ም ብዙ ሰዎች ድርሻ እያዋጡ ገዝተው ራሳቸው ከፈቱት። በዚያ «የሕዝብ ቤት» የሚለው ስም ከምሳሌነት አልፎ እውነት ሆነ። ይህ ማለት ግን ቤት ሁሉ በማኅበር መያዝ አለበት ማለት አይደለም። ሰዎች ለአንድ መጠጥ ቤት ሲሉ ገንዘባቸውን ያዋጡት የሚጠጣ ስላጡ ሳይሆን የሚገናኙበት ስላጡ መሆኑን ያሳያል እንጂ።

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል፥ በጥሩ ገበታ ተቀምጦ በመጠን መብላትና መጠጣት የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው ገበታው ሌላውን ሰው እንዳያዩ የሚጋርድ መጋረጃ ሲሆን ነው። ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚገባ ሰው ራሱን በሦስት ነገር ሊመረምር ይችላል። የመጀመሪያው፥ ሲወጣ ልቡናው እንደ ገባበት የተረጋጋ መሆኑን ነው፤ ይህ የመጠን ምርመራ ነው። ሁለተኛው፥ ምግቡን የሠሩትን እጆች አስቦ ለእነርሱ የሚገባቸው መድረሱን መጠየቁ ነው፤ ይህ የፍትሕ ምርመራ ነው። ሦስተኛው፥ ዙሪያውን ተመልክቶ ከእርሱ ያነሰ ገንዘብ ያለው ሰው በዚያ ቤት ያለ ኀፍረት ሊቀመጥ የሚችልበት አንድ ማዕዘን መኖሩን ማየቱ ነው፤ ይህ የፍቅር ምርመራ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው በሳህኑ ላይ ስለማይታይ ነው።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ፥ በምድረ በዳ ተቀምጦ ስለሚበላ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም። በታላቅ ከተማ፥ በብዙ ብርሃንና በብዙ እንግዳ መካከል ተቀምጦ፥ የእርሱን የመሰሉትን ብቻ እያየ የሚበላ ሰውም ብቻውን የሚበላ ነው። የሆድ ሕግ ምን ጊዜም ራሱን ያስታውሳል፤ በየዕለቱ ይጮኻልና። የሕዝብ ቤት ግን ጠበቃ የለውም፤ ቃሉን የሚያስታውስለት እንግዳና ማዕዘኑን የሚጠብቅለት ባለቤት ከሌሉ በስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ገበታውን ያሳመረ ሰው ይመስገን፤ ገበታውን ሲያሳምር በሩን ያላጠበበ ግን ከእርሱ ይልቅ ይመስገን።